የጎደለው ሃያ ሊትር

ሹፌራችን ወንዳፈረው ያለው ይህን ነው። ከጋምቤላ ስንነሳ ታንከሩ ሙሉ ነበር። የውሃውን ልክ የምታሳየው ግልጽ ቱቦ ቀዩ መስመር ላይ ደርሳ በዓይኑ አይቷል። ከዚያ በኋላ ከግቢው በር ወጥቶ መንደሩ እስኪደርስ ከተሳቢዋ አንድ ጠብታ አላወረደም። ውሃው ከጎደለ ለምን እንደጎደለ እሱ አያውቅም።

ሲስተር ሺታዬ ያለችው ደግሞ ይህን ነው። መንደሩ ደርሰን እንደቆምን፣ አንድም ቧንቧ ሳይከፈት፣ ያችኑ ቱቦ አይታለች። ውሃው ከግማሽ በታች ነበር። መንገድ ላይ አልዌሮ ድልድይ ጋ መኪናው ቆሞ ነበር፤ ከእንቅልፏ ስትነቃ በጎን መስታወቱ አየች፤ ከተሳቢዋ ሥር መሬቱ ረጥቧል። ወንዳፈረው ከዚህ በፊትም ውሃ አፍስሶ ያውቃል። ስለዚህ ያፈሰሰው እሱ ነው።

ሁለቱም ይህን የነገሩኝ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ በአንድ የማንጎ ዛፍ ግራና ቀኝ ቆመው ነው። ሁለቱም ሲናገሩ አልተጠራጠሩም። የቸገረኝ ይኸው ነበር። ሲስተር ሺታዬ ያላየችውን አየሁ የምትል ሰው አይደለችም። ወንዳፈረው ሞልቶ ነበር ሲል ደግሞ ምስክሩ እኔ ነኝ፤ ታንከሩን የሞላሁት እኔ ነበርኩ።

ሥራችን የዓይን ሕክምና ነው። ትራኮማ ሽፋሽፍታቸውን ወደ ውስጥ የቀለበሰባቸውን ሰዎች በየመንደሩ እየዞርን እንፈልጋለን፤ ሲስተር ሺታዬ የዓይናቸውን ቆብ ቀድዳ፣ ሰፍታ ታስተካክላለች። እኔ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነኝ። ውሃ መሙላት፣ ክሎሪን መጨመር፣ በቀን ስንት ሊትር እንደሚወጣ መወሰን የእኔ ድርሻ ነው። ወንዳፈረው ይነዳል፤ ስንቆም ደግሞ ድንኳን ይተክላል፣ ተራ ያስይዛል፣ አረጋውያንን እጃቸውን ይዞ ያመጣል።

የምንጎትታት ተሳቢ ለሽርሽር የተሠራች ናት። ሥራውን ጨርሶ የሄደ አንድ ድርጅት ነው የተወልን። ሁለት አልጋ፣ የእጅ መታጠቢያና ትንሽ ምድጃ አላት፤ ከፊተኛው አልጋ ሥር ሁለት መቶ ሊትር የሚይዝ ረጅም፣ ዝቅ ያለ ታንከር አለ። ቱቦዋ በታንከሩ የፊት ጫፍ በኩል ከውጭ ትታያለች። ሁላችንም «ቤቷ» እንላታለን። ከቤቷ ጋር የመጣው መመሪያ አንድ ሙሉ ታንከር ለሁለት ሰው አራት ቀን ይበቃል ይላል። መመሪያውን የጻፈው ሰው ሲስተር ሺታዬ በቀን ስንት ጊዜ እጇን እንደምትታጠብ አላየም። በእኛ ስሌት አንድ ታካሚ ስምንት ሊትር ይፈጃል፤ የታካሚው ፊት ይታጠባል፣ የእሷ እጅ እስከ ክርን ይታሻል። ከዚያ ሌላ ለመሣሪያ መቀቀያ ሃያ ሊትር ሳይነካ ይቀመጣል። የምንጠጣውን በጠርሙስ ለብቻው እንይዛለን።

ሲስተር ሺታዬ «ከዚህ በፊትም» ያለችው የመቲውን ነው። ባለፈው ኅዳር ወደ መቲ ስንወጣ መንገዱ ጭቃ ነበር። ቤቷ መኪናውን ወደ ኋላ እየሳበች ዳገቱ ላይ አስቀረችን። ወንዳፈረው ማንንም ሳይጠይቅ የማፍሰሻውን ቧንቧ ከፍቶ ሁለት መቶውን ሊትር ቦይ ውስጥ ለቀቀው። ዳገቱን ወጣን። መቲ ግን ሁለት ቀን ያለ ሥራ ተቀመጥን። ከዚያ በኋላ አስተባባሪያችን ኮንግ ደብዳቤ ጻፈለት። ባለሙያው ሳይፈቅድ ከተሳቢዋ ውሃ ካወረደ ከቡድኑ ይነሳል፤ ደብዳቤው ይኸው ነው። ወንዳፈረው ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ኮንትራቱ የሚታደሰው በቀጣዩ ወር ነበር። ከዚህ ቡድን ከተነሳ የሚይዘው ሌላ መሪ አልነበረም፤ ይህን እሱም፣ ሲስተር ሺታዬም፣ እኔም እናውቃለን።

መንደሯ ከአቦቦ አለፍ ብለው በቁጥር ከሚጠሩት የሰፈራ መንደሮች አንዷ ናት። መጋቢት ነበር። አራት ሰዓት ላይ ስንደርስ ሙቀቱ ገና ጠዋት ነው የሚባል አልነበረም። ታካሚዎቹ አሥራ አራት ነበሩ፤ በቆርቆሮ በተሸፈነው የስብሰባ ዳስ ሥር ተደርድረው ይጠብቃሉ። ሲስተር ሺታዬ የቤቷን ቧንቧ በቁስል ፕላስተር ጠቅልላ አሽጋ ጠበቀችኝ።

«እያት» አለች፣ ቱቦዋን እያሳየችኝ።

ማስመሪያ አምጥቼ ለካሁ። ሙሉው ሠላሳ ሳንቲሜትር ነው። ውሃው አሥራ አራት ላይ ነበር።

«ዘጠና ሦስት ሊትር ገደማ» አልኩ።

«ሃያው ለመሣሪያ። የቀረው ለስንት ሰው ይበቃል?»

«ለዘጠኝ።»

«የመጡት አሥራ አራት ናቸው፣ በሪሁን። ለአምስቱ ማን ይንገራቸው? አንተ ወይስ እሱ?»

«እሱ» የተባለው ወንዳፈረው ከመኪናው ጋ ሆኖ ይሰማ ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ መጣ።

«ሲስተር፣ ስሚኝ እንጂ። እኔ ባፈስስ ኖሮ ሙሉውን ነበር የማፈሰው። ግማሽ ውሃ ይዞ የሚነዳ ሹፌር የት አየሽ? ኩርባ ላይ ወዲያ ወዲህ እየተላጋ ከኋላ ይገፋሻል። መቲ ላይ ያፈሰስኩት እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ነው!»

«ይሄንን ለኮንግ ንገረው፤ ደስ ይለዋል።»

«ዲግሪው፣ አንተ ንገራት!» ወንዳፈረው እኔን የሚጠራኝ እንዲህ ነው፤ ሲደሰትም ሲናደድም። «ሞልቶ ነበር፣ አልሞላም?»

«ሞልቶ ነበር፣ ጋሼ።»

«ይኸው!»

«አሁን ግን ጎድሏል።»

«አንተ ልጅ፣ ከማን ጋር ነህ?»

«ከቱቦዋ ጋር።»

ሲስተር ሺታዬ ልትስቅ ነበር፤ ተወችው። ወንዳፈረው ግን ቱቦዋን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ባርኔጣውን መልሶ አድርጎ ሄደ።

ተመልሶ ሞልቶ መምጣት የሚታሰብ አልነበረም። ጋምቤላ ኒውላንድ ሰፈር ባለው ግቢያችን ቧንቧ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ተራችን ያለፈው በዚያው ቀን ጠዋት ነበር። በማግስቱ ደግሞ ሌላ መንደር የተጠሩ ሰዎች ይጠብቁናል። የአልዌሮ ግድብ ውሃ ቅርብ ነው፤ ግን ለተቀደደ ዓይን የሚሆን ውሃ አይደለም። የመንደሯ የእጅ ፓምፕ ከተበላሸ ሁለተኛ ወሩን ይዟል።

ሲስተር ሺታዬ ወደ ኮንግ ደወለችና ድምፅ ማጉያውን ከፈተችው። ኮንግ የኑዌር ልጅ ነው። አማርኛ የተማረው ካደገ በኋላ ስለሆነ ቃል አያባክንም።

«ውሃ የት ሄደ? እግር አለው?» አለ።

«እያጣራሁ ነው» አልኩት።

«አጣራ። አሥር ሰዓት እደውላለሁ። አፍስሷል ወይም አላፈሰሰም፤ አንዱን ትጽፋለህ። ካፈሰሰ ነገ ሌላ ሹፌር በሚኒባስ ይመጣል።»

«የወረደው ትንሽ ቢሆንስ?»

«ደብዳቤው ሊትር አይቆጥርም። አንድ ኩባያም ውሃ ነው።»

ስልኩ ተዘጋ። ሲስተር ሺታዬ የታካሚዎቹን ዝርዝር አውጥታ ከአምስት ስሞች ጎን ምልክት አደረገች። ሕመሙ የከፋበት ቀድሞ እንዲሠራለት ነው የለየችው፤ አንድ ዓይናቸው ብቻ የታመመባቸው ወደ ኋላ ቀሩ። ከአምስቱ አንዷ እማማ እናትነሽ ነበሩ። ከሌላ መንደር ሁለት ሰዓት በእግራቸው መጥተዋል። በነጠላቸው ጫፍ የተቋጠረች ወረንጦ ይዘዋል፤ ወደ ውስጥ የሚወጋቸውን ሽፋሽፍት በየሳምንቱ በእሷ ነው የሚነቅሉት።

«ውሃ አነሰን፣ እማማ» አለቻቸው ሲስተር ሺታዬ። «ለእርስዎ ሌላ ቀጠሮ እንይዛለን።»

«መቼ?»

«ስንመለስ።»

«ስትመለሱ መቼ ነው?»

«ምናልባት ከክረምት በኋላ።»

እማማ እናትነሽ ወረንጧቸውን ፈትተው አሳዩዋት። «ይቺ ዶልዱማለች እኮ፣ ልጄ። እስከ ክረምት በምን ልንቀል? ውሃ ከሆነ እኔ በእንስራ አመጣለሁ።»

«የኩሬ ውሃ አይሆንም።»

«ታዲያ የዚህች ቤት ውሃ ከሰማይ ነው የወረደው?»

ዳሱ ሥር ያሉት ሳቁ። ሲስተር ሺታዬም ሳቀች፤ ምልክቱን ግን አልሰረዘችም። ወንዳፈረው ራቅ ብሎ ጎማ ላይ ተቀምጦ ነበር። አብረውኝ የቆሙት ሰዎች ነገሩን ሰምተዋል፤ አንዱ ከተነሳ ወደ ቤቷ ሄዶ ቱቦዋን ያያል፣ ከዚያ ዞር ብሎ ወንዳፈረውን ያያል። እንዲህ እየተደረገ ስድስት ሰዓት ሆነ።

የመንደሯ ጤና ኮሚቴ ሰብሳቢ ሙሐመድአሚን የሚባል ሰው ነው። በስድስት ዓመቱ ከወሎ በሰፈራ መጥቶ እዚሁ ያደገ ግንበኛ ነው፤ የመንደሯን ጤና ኬላ የገነባው እሱ ነው። ከጸሎት መልስ ወደ እኛ መጣና እንደሌሎቹ ቱቦዋን ለማየት ጎንበስ አለ። ቱቦዋን አላየም። የቤቷን ወለል አየ፣ ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ ሄደ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

«ይቺን ቤት ማን ነው ያቆማት?»

«እኔ» አለ ወንዳፈረው ከተቀመጠበት። «እሷም ወንጀል ሆነች?»

«አፍንጫዋን ሰማይ ላይ ሰቅለሃታል እኮ! እኔ እንዲህ ገንብቼ ባስረክብ ወላሂ ያስሩኝ ነበር።»

«ጥላው እዚያ ላይ ነው፤ ምን ላድርግ? ታንከሩ ፀሐይ ላይ ከዋለ ውሃው ሻይ ይሆናል።»

እውነት ነው። ወንዳፈረው ቤቷን የሚያቆመው ሁልጊዜ በአንድ ሕግ ነው፤ ታንከሩ ያለበት የፊት ጫፍ ጥላ ውስጥ መግባት አለበት። በዚህ አገር ሁሉም ሹፌር መኪናውን የሚያቆመው ጥላን ተከትሎ ነው። እዚህ መንደር ጥላው ያለው ማንጎው ሥር ነው፤ የማንጎው ሥር ደግሞ ጉብታ ነው። ስለዚህ የቤቷ ፊት ጉብታው ላይ ወጥቷል፣ ኋላዋ ዝቅ ብሏል።

ሙሐመድአሚን ይህን ሲል እኔ ያሰብኩት የኒውላንዱን ግቢ ነው። የግቢያችን ጥላ አንዲት የኒም ዛፍ ናት፤ ያለችውም በሩ አጠገብ ነው። ግቢው ወደ በሩ ያዘነብላል። ያን ጠዋት ታንከሩን ስሞላ ቤቷ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ፣ አፍንጫዋን ቁልቁል ደፍታ ነበር የቆመችው። ቱቦዋ ያለችው ፊት ላይ ነው። ውሃው ሁሉ ወደ ፊት ተጠራቅሞ ቱቦዋን ቀዩ መስመር ላይ አድርሷት ነበር። እኔም ቀዩን መስመር አይቼ ቧንቧውን ዘጋሁ። እዚህ ደግሞ ውሃው ሁሉ ወደ ኋላ ሄዷል።

«ጋሽ ሙሐመድአሚን፣ የግንበኛ ውሃ ልክ አለህ?» አልኩት።

«ግንበኛ ሆኜ ውሃ ልክ ላይኖረኝ ነው?»

ከቤቱ አምጥቶ የቤቷ ወለል ላይ አስቀመጠው። በውስጡ ያለው የአየር አረፋ ወደ ፊተኛው ጫፍ ሄዶ ተለጠፈ። ወንዳፈረው ቤቷን ከመኪናው ፈታ። በመዘውር የሚወርደውን የፊት እግሯን ቀስ እያደረገ አሳጠረው፤ ሲያልቅበት አካፋ ተቀብሎ ከእግሩ ሥር አፈሩን ጫረ። ሙሐመድአሚን በር ላይ በሆዱ ተኝቶ አረፋውን እያየ «ትንሽ! ትንሽ! ኧረ ቀስ፣ ቤት ነው የምታወርደው!» ይላል። ሲስተር ሺታዬ ጓንቷን ይዛ መጣች፤ ምን እንደምንሠራ አልጠየቀችም፤ ቱቦዋን ብቻ ታያለች።

በቱቦዋ ውስጥ ውሃው ከፍ እያለ መጣ። አሥራ አምስት። አሥራ ሰባት።

«ያ ረቢ፣ ውሃ እየወለደች ነው» አለች አንዲት ሴት ከኋላዬ።

አረፋው መሃል ላይ ሲረጋ ለካሁ። ሃያ ሳንቲሜትር። አንድ መቶ ሠላሳ ሦስት ሊትር ማለት ነው። ሃያው ለመሣሪያ ሲቀነስ ለአሥራ አራት ሰው ይበቃል፤ አንድ ሊትር ይተርፋል።

ሲስተር ሺታዬ ፕላስተሩን ከቧንቧው ላይ ላጠችው። ከዚያ ዝርዝሩን አውጥታ አምስቱን ምልክቶች ሰረዘች። «እማማ እናትነሽን አንደኛ አድርጋቸው» አለችኝ። ወንዳፈረው ግን አልቸኮለም፤ አካፋውን ለሙሐመድአሚን መለሰ፣ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ሄዶ እማማ እናትነሽን በእጃቸው ይዞ አመጣቸው።

«ይቺን ወረንጦ ወዲያ ይጣሏት» አላቸው።

«ከተሠራልኝ በኋላ እጥላታለሁ። ቅድም ዋሽታችሁኛል።»

ሲስተር ሺታዬ ሥራ ስትጀምር እኔ ወደ ጋምቤላ ደወልኩ። ያክ የኒውላንዱ ግቢ ጥበቃ ነው። ቧንቧው ከአከራያችን ጋር የጋራ ስለሆነ ያክና አከራዩ በቆጣሪው ላይ አንድ ጊዜ ተጨቃጭቀዋል፤ ከዚያ ወዲህ ያክ ቤቷ በተሞላች ቁጥር ቆጣሪውን ከመሙላታችን በፊትና በኋላ አይቶ ደብተር ላይ ይጽፋል። እስከዚያ ቀን ድረስ ደብተሩን አይቼው አላውቅም ነበር።

«ዛሬ ጠዋት?» አለ ያክ። ገጽ ሲያገላብጥ ይሰማል። «መቶ ሃምሳ ሦስት ሊትር።»

«ሁለት መቶ አይደለም?»

«ሁለት መቶ አልኩ እኔ? መቶ ሃምሳ ሦስት። ቆጣሪ አይዋሽም። አንተ ነህ ቶሎ የዘጋኸው።»

«ከመሙላታችን በፊት ታንከሩ ባዶ ነበር፣ አይደል?»

«ባዶ። ትናንት አንተ ራስህ አጥበህ አፈሰስከው።»

አመስግኜ ዘጋሁ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ታንከሩ ሞልቶ አያውቅም። ወንዳፈረው ያየው ቀይ መስመር እውነት ነው፤ ሲስተር ሺታዬ ያየችው ከግማሽ በታችም እውነት ነው። ሁለቱም ያዩትን ነው የተናገሩት። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ነበር። ግን መቶ ሃምሳ ሦስት ሞልቼ ያገኘሁት መቶ ሠላሳ ሦስት ነው። ቀንሼ ደግሜ ቀነስኩ። ሃያ ሊትር ይጎድላል። ሃያ ሊትር ደግሞ አንድ ጀሪካን ነው።

ድልድዩ ጋ ስንቆም እኔ ወርጄ ነበር። መንገድ ዳር ማንጎ የሚሸጡ ሴቶች ስላሉ ልገዛ ሄድኩ። ስመለስ ወንዳፈረው የመኪናውን ኮፈን እየዘጋ ነበር። ያን ጊዜ ምንም አላሰብኩበትም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማንጎው ሥር አገኘሁት። የያክን ቁጥር ነገርኩት።

«ስለዚህ ነጻ ወጣሁ» አለ።

«ድልድዩ ጋ ኮፈኑን ለምን ከፈትከው፣ ጋሼ?»

ከማንጎው ቅጠል አንዱን ቀጠፈና አጣጠፈው።

«ሃያ ይጎድላል» አልኩ።

«ምነው አንተ ሰው ከሞት ስታወጣ ግማሹን እዚያው ትተዋለህ?»

«ራዲያተሩ ፈልቶ ነበር?»

«ፈልቶ ነበር ማለት ምን ማለት ነው፤ ሊፈነዳ ነበር እንጂ። በዚህ ሙቀት ይሄን ሁሉ እየጎተተ። ለራዲያተር የምንይዛትን ቢጫ ጀሪካን ላነሳ ስል ባዶ ናት። ትናንት ማታ እኔ ነኝ የሞላኋት። ማን ባዶ እንዳደረጋት አላውቅም። ሲስተር ተኝታለች፣ አንተ ማንጎ ላይ ነህ። ከቤቷ ቀዳሁ፤ በችኮላ ጥቂት ከሥሯ ተንጠባጠበ። ግማሹን ጠጣ፣ ግማሹን ተፋው፤ የተረፈውን ላዩ ላይ ደፋሁበት።»

ቢጫዋን ጀሪካን ባዶ ያደረግኳት እኔ ነኝ። ያን ጠዋት ቧንቧው እስኪመጣ እየጠበቅን ሳለ የመሙያውን ጎማ በክሎሪን ላጥብ ብዬ ውሃውን ከእሷ ወሰድኩ፤ ውሃው ሲመጣ ወደ ታንከሩ ሮጥኩና መልሼ ሳልሞላት ቀረሁ። ነገርኩት።

«ዲግሪው» አለ ወንዳፈረው፣ ራሱን እየነቀነቀ።

«ለምን አልነገርከንም? ጠዋቱኑ ብትናገር እኮ...»

«ለማን? ለሷ? መቲ ላይ ከፈሰሰ ወዲህ ከቤቷ አጠገብ ስቆም እንኳ ታየኛለች። ‹ሃያ ሊትር ነው የወሰድኩት› ብላት ቱቦዋ ከግማሽ በታች እያሳየች ማን ሊያምነኝ? አንድ ጠብታ አልነካሁም አልኩ፤ አለቀ። አንዴ ካልኩ በኋላ ደግሞ...» ቅጠሉን ጣለው። «እኔን የገደለኝ ውሃው አይደለም። ሰው ሁሉ ቱቦዋን አይቶ ቀጥሎ የሚያየው እኔን ነው።»

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ሲስተር ሺታዬ ስድስተኛውን ታካሚ ጨርሳ ለእረፍት ወጣች። እማማ እናትነሽ አንድ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ ዳሱ ሥር ማንጎ ይበላሉ፤ ወረንጦዋ ነጠላቸው ላይ እንደተቋጠረች ናት። የያክን ቁጥር፣ የእኔን ስህተት፣ የሃያ ሊትሩን ጉዳይና የቢጫዋን ጀሪካን ለሲስተር ሺታዬ በቅደም ተከተል ነገርኳት። ወንዳፈረው አጠገባችን ቆሟል። ወንዳፈረው እንዲሰማኝ ፈልጌ ነው እዚያው የነገርኳት።

ጨርሼ ሳበቃ ወደ እሱ ዞረች።

«አፍስሰሃል ብዬሃለሁ» አለች። «አላፈሰስክም። ይቅርታ፣ ወንዳፈረው።»

«ግድ የለም፣ ሲስተር።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ሃያዋን ተዋት።»

«እንዴት?»

«አትጻፋት። በማስመሪያ ነው የለካኸው። አንድ ሳንቲሜትር ስትስት ስንት ሊትር ነው?»

«ወደ ሰባት።»

«ሦስት ሳንቲሜትር ብትስት ሃያ ነው። የመሬቱ ማዘንበል፣ የቆጣሪው እርጅና... ማን ይጠይቅሃል? ‹አላፈሰሰም› በል፤ እውነት ነው፤ አላፈሰሰም። ኮንግ አንድ ኩባያም ውሃ ነው ብሎ የለ? በአንድ ጀሪካን ሰው ከሥራ ይባረር?»

ጠዋት ቧንቧ ያሸገችው እሷ ናት። ሆኖም ያለችው ስህተት አልነበረም። ሦስት ሳንቲሜትር እንዳልሳትኩ አውቃለሁ፤ ብስት ኖሮ ግን ማንም አይፈርድብኝም። «አላፈሰሰም» የሚለውም ቃል በቃል እውነት ነው። በሌላ በኩል ኮንግ የጠየቀው ውሃ ከተሳቢዋ ወርዷል ወይ ብሎ ነው፤ ያንንም እኔ፣ እሷም፣ ኮንግም እናውቃለን። ደብተሬን አውጥቼ ስለ ጥላው፣ ስለ ኒም ዛፏ፣ ስለ ቆጣሪው ጻፍኩ፤ ታንከሩን ሳልሞላ ሞልቷል ማለቴን፣ የራዲያተሩን ጀሪካን ባዶ ማድረጌንም ጻፍኩ። ሃያው ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ።

ስልኩ ጮኸ። ሲስተር ሺታዬ ማጉያውን ከፈተችው።

«እ?» አለ ኮንግ። «አፍስሷል፣ አላፈሰሰም?»

«መጀመሪያውንም አልሞላም ነበር» አልኩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ቤቷ አዘንብላ ቆማ ቱቦዋን አይቼ ዘጋሁ። የያክ ቆጣሪ መቶ ሃምሳ ሦስት ይላል።»

«ስትደርሱ ስንት ነበር?»

ቀጥታ የጠየቀው ይህንን ነው። ሲስተር ሺታዬ ዓይኗን ቱቦዋ ላይ አደረገች። እኔም ሳላስበው ቱቦዋን አየሁ። ቀጥሎ ሁለታችንም ወንዳፈረውን አየነው።

እሱም ይህንን አየ። ባርኔጣውን አወለቀና ወደ ስልኩ ቀረበ።

«ስንደርስ መቶ ሠላሳ ሦስት ነበር፣ ኮንግ» አለ። «ወንዳፈረው ነኝ። ድልድዩ ጋ ራዲያተር ፈልቶብኝ ሃያ ሊትር ከቤቷ ቀድቻለሁ፤ ማንንም አላስፈቀድኩም። ጠዋት ደግሞ አልነካሁም ብዬ ዋሽቻለሁ።» ወደ እኔ ዞረ። «ጻፈው፣ ዲግሪው። ሃያ ሊትር፣ ከነስሜ። ሹፌሩን ነገ በሚኒባስ ይላክ፤ እስኪመጣ እኔ አሥራ አራቱንም በእጃቸው ይዤ ወደየቤታቸው አደርሳለሁ።»